የቴሌቪዥን እንጀራና የፊልም እንጀራ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ናጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። ካምፓላ ራሷ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ የአገሩ ሰው ቤቱን ሲያመለክትህ ከመንገዱ ስም ይልቅ የኮረብታውን ስም ይጠራልሃል። ናጉሩ ከከተማው መካከል በስተምሥራቅ ወገን፣ በናካዋ ክፍል ውስጥ ሆኖ ከኮሎሎና ከቡኮቶ ጋር ይዋሰናል። በቅኝ ግዛት ዘመን ለአፍሪቃውያን ሠራተኞች የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች በዚሁ አካባቢ ነበሩ፤ እነርሱም በ2011 ፈርሰው ነዋሪዎቹ ተበትነዋል። የፖሊስ ጠቅላይ መሥሪያ ቤትም እዚሁ ነው። በኢዲ አሚን ዘመን፣ ማለት ከ1971 እስከ 1979 ድረስ፣ በናጉሩ የነበረው የጸጥታ ክፍል ብዙ ሰው ገብቶ ያልወጣበት ስፍራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» ብለን እንለያለን።)

ዛሬ ግን የናጉሩ ስም የሚነሣው ከዜናና ከትርዒት ጋር ነው። በ2008 የተቋቋመው ኤን ቢ ኤስ ቴሌቪዥን፣ ኔክስት ሚዲያ በሚባለው ኩባንያ ሥር ከእኅት ጣቢያዎቹ ጋር ሆኖ፣ ሥራውን የሚያካሂደው በዚሁ ኮረብታ ላይ ካለው ግቢው ነው። በሉጋንዳም ሆነ በእንግሊዝኛ የሚነገረው የምሽት ዜና የሚነሣው ከዚያ ነው።

እኛ ወደ ናጉሩ የወጣነው ግን ቴሌቪዥን ለመጐብኘት ሳይሆን ቡና ተጠርተን ነው። በካምፓላ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም፤ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር የሚያልፍ ሰው የእንጀራና የወጥ ሽታ መንገዱን ይመራዋል። የጋበዙን ባልና ሚስት ግን ቤታቸው በናጉሩ ግርጌ ነው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን አንጽፍም። የመጀመሪያ ልጃቸው ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ደረሳት። አንደኛው ከከተማው የቴሌቪዥን ድርጅቶች ከአንዱ የመጣ ሲሆን፣ በመቈጣጠሪያ ክፍል ረዳት ሆና በወር ደመወዝ እንድትሠራ ይጠይቃል። ሁለተኛው አንድ ፊልም ለመሥራት ከተሰባሰቡ ወጣቶች የመጣ ነው፤ ሥራው ስድስት ሳምንት፣ ክፍያው ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ደግሞ ፊልሙ ሲሸጥ ነው።

አባትየው፣ «ደመወዝ ማለት የቤት ምሰሶ ነው፤ ይኸ ምን ያከራክራል?» አሉ። እናትየው ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሡ፣ «እኔን ያስጨነቀኝ ሌሊቱ ነው፤ ልጄ በስንት ሰዓት ወጥታ በስንት ሰዓት ትገባለች?» ሲሉ መለሱ። ልጅቷ ዝም ብላ ቈየችና ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱንም ቤት ያውቁታል ይባላል፤ የትኛው ይሻላል?» አለችን። በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ መልስ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ስለዚህ ነው።

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ሁለት ቃላት ቢያስተውሉ የነገሩን ግማሽ ያገኙታል። ፊልም «ይቀረጻል» እንላለን፤ ቀረጸ ማለት ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ላይ ፈልፍሎ መልክ አወጣ ማለት ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ «ይሠራጫል» እንላለን፤ ተሠራጨ ማለት በየአቅጣጫው ተዳረሰ ማለት ነው። ቀራጩ ድንጋዩ እስኪታዘዝለት ይመታል፤ የሚያሠራጨው ግን እጁ ላይ ያለውን በሰዓቱ መበተን አለበት። እርግጥ ነው፤ በቴሌቪዥንም ቤት የሚቀረጽ ትርዒት አለ፤ ቢሆንም የሥራው መንፈስ ከእነዚህ ሁለት ቃላት አይርቅም።

ይህች ልጅ የምትገባበት የመቈጣጠሪያ ክፍል ምን እንደሚመስል እንንገራችሁ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳው በትንንሽ መስተዋቶች ተሞልቶ በእያንዳንዱ ውስጥ የአንዱ ካሜራ ሥዕል ይታያል። በስቱዲዮው ውስጥ ሦስት ወይም አራት ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አዘጋጁ በጆሮ ማዳመጫ ለካሜራ ሠራተኞቹ ሁሉ እየተናገረ፣ «ሁለት ተዘጋጅ፤ ሁለት!» ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ቍልፍ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ያ ሥዕል በከተማው ባለው ቤት ሁሉ ይታያል። ረዳቷ የምትይዘው ሰዓቱን ነው። ዜናው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ቀረው፣ ሁለት ቀረው፣ ሠላሳ ሰኮንድ ቀረው እያለች ትቈጥራለች። አንባቢው ከካሜራው ፊት በመስተዋት ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፈውን ጽሑፍ ያነባል፤ ጽሑፉ ቢቆም አንባቢው አብሮ ይቆማል፤ የቆመውንም ሕዝብ ሁሉ ያየዋል። በቴሌቪዥን ቤት ስሕተት ሲሠራ «እንደገና» የሚል የለም። የተነገረው ተነግሯል፤ የሚቀጥለው ነገር ይመጣል።

ስለ ሰዓት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በሉጋንዳ ቋንቋ ሰዓት የሚቈጠረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እነርሱ «ሳዋ ኤሙ» ሲሉ የእኛ አንድ ሰዓት ነው። በገበያው መካከል ኢትዮጵያዊ ሰዓት ሲጠይቅ አይሳሳትም። በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ግን በአውሮፓ ነው የሚቈጥረው። ስለዚህ የማለዳ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው፣ ወረቀቱ «3» ቢለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ መሄድ እንዳለበት ቶሎ መልመድ ይገባዋል። እናትየው የፈሩት ሌሊት ይኸ ነው።

የፊልም ሠራተኛ ቀን ሌላ ነው። እዚያ ካሜራው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች ሻይ እየጠጡ ሲጨዋወቱ ለማሳየት፣ መጀመሪያ ሁለቱም አብረው ይነሣሉ፤ ከዚያ ካሜራው ወደ አንዱ ፊት ተዛውሮ ያው ንግግር ይደገማል፤ ቀጥሎ ወደ ሌላው ፊት ተዛውሮ ሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። በየመካከሉ መብራት ይነቀላል፣ ይተከላል። በቴሌቪዥን ስቱዲዮ መብራቱ ለሦስቱም ካሜራዎች እንዲበቃ ከየአቅጣጫው ስለሚፈስ ጥላው ይጠፋል፤ የፊልም መብራት ግን ለአንድ ዐይን ብቻ የተሠራ ነውና ጥላውን ራሱን እንደ ቀለም ይጠቀምበታል። ፊልም ፊት የሚያስውበው፣ ቴሌቪዥን ግን ፊት የሚያስጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ታሪኩም በተራ አይቀረጽም። ጀግናው ሲሞት የሚያሳየው ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሲወለድ የሚያሳየው በመጨረሻው ሳምንት ሊነሣ ይችላል፤ ምክንያቱም ቤቱን የተከራዩት ለሦስት ቀን ብቻ ነውና በዚያ ቤት የሚደረገው ሁሉ በዚያው ሦስት ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ እስከ ምን ድረስ እንደ ነበረ፣ ነጠላዋ በየትኛው ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ እየጻፈ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለልጅቷ የቀረበላት የፊልም ሥራ ይኸው ነው። በቴሌቪዥን ቤት ሰኮንድ ቈጣሪ ልትሆን ነው፤ በፊልሙ ዘንድ ደግሞ ነገር አስታዋሽ። ሁለቱም የንቃት ሥራ ነው፤ አንደኛው ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ የሚያይ ንቃት ነው።

በፍጥነትም ቢሆን አይገናኙም። በጽሑፍ የተዘጋጀ ትርዒት አንድ ገጹ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ደኅና አድርጎ የሚሠራ የፊልም ቡድን በቀን ከሁለት እስከ አራት ገጽ ከቀረጸ ደስ ብሎት ያድራል፤ በየቀኑ የሚታይ ተከታታይ ድራማ የሚሠራ ቡድን ግን ዐሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ገጽ ካልጨረሰ እራት አይበላም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሰማዩ አለ። በካምፓላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደገናም ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናሙ ይበረታል፤ በውጭ የሚቀረጽ ፊልም በተጀመረ በሰዓቱ ደመና ይመጣና ሠላሳ ሰው ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ፀሓይ ይጠብቃል። ከፊልም ሥራ ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። መጠበቅ የማይችል ሰው ጥሩ የቴሌቪዥን ሰው ይወጣዋል።

ሥዕሉ ራሱ እንኳ በሁለት ልክ ነው የሚቈጠረው። ፊልም በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል፤ በእኛና በኡጋንዳ ቴሌቪዥን ልክ ግን 25 ነው። ስለዚህ ቀድሞ አንድ መቶ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ በ96 ደቂቃ ያልቅ ነበር። ቴሌቪዥን ፊልሙንም ሳይቀር ያስቸኵለዋል ማለት ነው።

የሁለቱ ዕድሜ በእኛ አገር እኩያ መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስቱዲዮ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የወጣውም በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነው። ኡጋንዳ ደግሞ ቴሌቪዥኗን የከፈተችው ነጻ በወጣች በዓመቱ በ1963 ነው። ነገር ግን ሁለቱ መንትዮች አስተዳደጋቸው አልተመሳሰለም። ቴሌቪዥን የመንግሥት ልጅ ሆኖ በጀት እየተመደበለት፣ ሠራተኛው ጡረታ እየተቈጠረለት አደገ። ፊልም ግን እንደ ሙት ልጅ አንዱ ቤት ሲያድር፣ ሌላው ቤት ሲውል ኖረ፤ ከ«ሂሩት» በኋላ የሚቀጥለው የአማርኛ ፊልም «ጉማ» እስኪታይ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በዚህ ረገድ የኃይሌ ገሪማን ሥራ ማንሣት ይገባል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን በ1974፣ አገሪቱ በለውጥ ማዕበል ውስጥ ሳለች፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀረጸው፤ ተዋናዮቹም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ደክሞበታል። ልብ አድርጉ፤ ሰውየው አንድ ነው። በፊልም ዓለም «ሥራው ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም የምንለው ስለዚህ ነው። ለዐሥር ዓመት ቤቱን የሚያኖር ሌላ እንጀራ ያስፈልገዋል፤ ኃይሌ ገሪማ በዋሽንግተን በሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር።

ወደ ካምፓላ እንመለስና፣ ከናጉሩ ማዶ በከተማው ሌላ ወገን ዋካሊጋ የሚባል የድኾች መንደር አለ። እዚያ አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው በ2005 የፊልም ድርጅት አቋቋመ። ናብዋና ቀድሞ ጡብ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ከጡቡ ባጠራቀመው ገንዘብ ካሜራ ገዛ፤ ኮምፒዩተሩንም ከየቦታው ባገኘው ዕቃ ራሱ ገጣጠመ። «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለው በ2010 የተሠራ የጦርነት ፊልሙ ወጪው ሁለት መቶ ዶላር ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። በኋላ ግን በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት ሚሊዮኖች አዩት። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ለሚቀጥለው ፊልም ስፍራ ለማግኘት ሲባል የፊልሙ ዋና ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተሰርዟል፤ ዛሬ የሚታየው ለገበያ ከወጣው ዲቪዲ የተረፈው ነው። ተዋናዮቹም ደመወዝ አልነበራቸውም። ዲቪዲውን በየሰፈሩ እያዞሩ ይሸጣሉ፤ ከዋጋው ግማሹ የእነርሱ ነው። ጀግናውን በፊልሙ ውስጥ ያየኸው ሰው በማግሥቱ በርህን አንኳኩቶ ራሱን ይሸጥልሃል ማለት ነው።

በካምፓላ ፊልም የሚታይባቸው «ቢባንዳ» የሚባሉ ትንንሽ የቪዲዮ አዳራሾችም አሉ። በእነዚህ ውስጥ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ የውጭውን ፊልም በሉጋንዳ እየተረጐመ፣ እየቀለደ፣ ጀግናውን እየመከረ፣ ወንበዴውን እየሰደበ ይጫወታል፤ «ቪዲዮ ጆከር» ይሉታል። ይህ ሰው በእኛ አስተያየት በቴሌቪዥንና በፊልም መካከል የቆመ ሦስተኛ ሙያተኛ ነው፤ የፊልሙ ሥዕል የተቀረጸ ሲሆን፣ የእርሱ ንግግር ግን እንደ ዜና በዚያች ደቂቃ የሚወለድ ነው። በእኛ አገር ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያቀርብ ትርጕሙ በስቱዲዮ ተጠንቶ ስለሚሠራ፣ ይህን የመሰለ ቀልድና ድፍረት የለበትም።

ትልልቅ የውጭ ፊልሞችም ወደ ኡጋንዳ ይመጣሉ። በኢዲ አሚን ላይ የተሠራውና በ2006 የወጣው «የስኮትላንድ የመጨረሻው ንጉሥ» በዚያው አገር ተቀርጾ፣ ፎረስት ዊትከር የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። በ2016 የወጣው «የካትዌ ንግሥት» ደግሞ ቼዝ በመጫወት የታወቀችውን የካምፓላ ልጅ የፊዮና ሙቴሲን ታሪክ የሚያሳይ ነው። አዘጋጇ ሚራ ናይር፣ የእናትየውን ክፍል የተጫወተችው ሉፒታ ንዮንጎ ስትሆን፣ ፊዮናን የሆነችው ማዲና ናልዋንጋ ከዚያ በፊት በዳንስ እንጂ በፊልም የማትታወቅ የካምፓላ ልጅ ነበረች። እንዲህ ያለ ፊልም ሲመጣ ለብዙ ሰው እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ አናጺው፣ ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ ሥራ ያገኛል። ሲጨርስ ግን መኪናውን ጭኖ ይሄዳል። ሚራ ናይር ከዚያ አስቀድማ በ2004 በካምፓላ ማይሻ የተባለውን የፊልም ማስተማሪያ ማቋቋሟ፣ ሙያው ከመኪናው ጋር አብሮ እንዳይሄድ የሚረዳ ነገር ነው።

እንግዲህ ደመወዙም ሳይታሰብ አይቀርም። የቴሌቪዥን ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የሚጠብቀው አለው፤ የቤት ኪራይ ሊዋዋል፣ ከባንክ ሊበደር፣ ታናሽ ወንድሙን ሊያስተምር ይችላል። ነገር ግን የቴሌቪዥን ቤት ደግሞ ዘለዓለማዊ አይደለም። በ1999 በካምፓላ የተከፈተውና በጊዜው ብዙ ተመልካች የነበረው ደብልዩ ቢ ኤስ የተባለው የግል ጣቢያ በ2016 ተዘግቷል። አባትየው ይህን ሲሰሙ፣ «ምሰሶም ይወድቃል በለኛ» ብለው ሳቁ። የፊልም ሠራተኛ በበኩሉ በስድስት ሳምንት የሚያገኘው ለስድስት ወር እንዲበቃው ያስፈልጋል፤ በመካከሉ የሠርግ ቪዲዮ ሲያነሣ፣ ማስታወቂያ ሲሠራ ይገኛል። በዚህ አናፍርም፤ ስንት ደኅና የካሜራ ሰው እጁን ያፍታታው በሰው ሠርግ ላይ ነው።

በቅርብ ዓመታት ግን በሁለቱ መካከል የነበረው አጥር እየሳሳ መጥቷል። በ2018 ፐርል ማጂክ የተባለ የኡጋንዳን ድራማና ፊልም የሚያሳይ ጣቢያ ተከፍቶ፣ የፊልም ሰዎች በተከታታይ ድራማ ወርኃዊ እንጀራ ማግኘት ጀመሩ። የሉክማን ዓሊ ፊልም «ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ልጅ» በኔትፍሊክስ የታየ የመጀመሪያው የኡጋንዳ ፊልም ሆኗል። በናይሮቢም ከኡጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛንያና ከኢትዮጵያ የሚመጡ ወጣቶች ሁለቱንም ሙያ አንድ ላይ የሚማሩበት የመልቲቾይስ ትምህርት ቤት ተቋቁሟል። ዛሬ ካሜራው አንድ ዓይነት ነው፤ ኮምፒዩተሩም እንደዚያው። የቀረው ልዩነት በሰዓቱና በሰውየው ጠባይ ላይ ነው።

ልጅቷን በጠባይዋ ብንመዝናት፣ ሲናገሩ ጣልቃ የማትገባ፣ ነገር የማትረሳ፣ የስኒው እጄታ ወደ የት እንደ ዞረ የምታይ ናት፤ ይኸ የፊልም ሰው ጠባይ ነው። የቤቱ ኑሮ ግን ደመወዝ ይፈልጋል፤ ሁለት ታናናሾች ትምህርት ቤት ናቸው። ይህን ሁሉ ከነገርናት በኋላ የመሰለንን ደበቅ ሳናደርግ ገለጥንላት፤ የቴሌቪዥኑን ሥራ ለአንድ ዓመት ትያዝ፣ የፊልሙን ልጆችም አታስቀይማቸው። በቴሌቪዥን ቤት አንድ ዓመት የዋለ ሰው በማንኛውም የፊልም ስፍራ ፈጣን ይሆናል፤ ከፊልም ወደ ቴሌቪዥን የሚሄድ ግን የመጀመሪያውን ወር በድንጋጤ ነው የሚያሳልፈው። ምክራችን ይኸ ሲሆን፣ በልባችን ግን ፊልሙን እንደ መረጥንላት አንክድም።

እርስዋም፣ «የፊልሙ ልጆች ቀረጻውን ቅዳሜና እሑድ ሊያደርጉት ይችሉ እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ፤ መልሳቸውን እጠብቃለሁ» አለች። አባትየው ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ሦስተኛው ስኒ፣ በረካው፣ ተቀድቶ ሲታደል እናትየው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ «ምሳዋንስ ማን ያበላታል?» አሉ። በፊልም ስፍራ ሠራተኛው ሁሉ ከአንድ ድስት አብሮ እንደሚበላ፣ በቴሌቪዥን ቤት ግን እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ ወይም ገዝቶ እንደሚበላ ነገርናቸው። «እንግዲያስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ ምሳዋን እቋጥርላታለሁ» አሉና የጀበናውን አተላ ለመድፋት ተነሡ።